የግቢ ጉድጓድ ባለቤትነት

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ ላላቸው፣ ለማስቆፈር ላሰቡ፣ እንዲሁም ከጎረቤት ጉድጓድ እየቀዱ ለሚጠቀሙ ሁሉ ነው። እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ ብታስቀምጡ መልካም ነው። መሃል ላይ አብረን የምንሠራው አንድ አጭር ስሌት አለ።

ጉድጓድ ማስቆፈር የአንድ ሰሞን ሥራ ነው። ቆፋሪው ውሃ አግኝቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ አካፋና ዶማውን ተሸክሞ ሲሄድ የእሱ ሥራ አለቀ። የባለቤቱ ሥራ ግን የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

እስቲ የቧንቧ ውሃን አስቡ። ከለገዳዲ ግድብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባው ውሃ ከመሠራጨቱ በፊት ይጣራል፣ ክሎሪን ይገባበታል፣ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ይህን የሚያደርግ መሥሪያ ቤት አለ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ አለ። በግቢያችን ጉድጓድ ላይ ግን ይህን ሁሉ የሚሠራልን ማንም የለም። መርማሪውም፣ ጠጋኙም፣ ጠባቂውም የቤቱ ባለቤት ነው።

ሕጉም ይህን ኃላፊነት ከትከሻችን አያወርደውም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱ ውሃ፣ ከመሬት በላይ ያለውም ሆነ ከመሬት በታች ያለው፣ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። በእጅ የሚቆፈርን ጉድጓድ ግን ለይቶ ያወጣዋል፤ ለመቆፈርም ሆነ ከእሱ ለመጠቀም ፈቃድ አይጠየቅም። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ነፃነት ነው። ፈቃድ በማይጠየቅበት ቦታ ግን መጥቶ የሚያይ ተቆጣጣሪም አይኖርም፤ ስለዚህ ነፃነቱ ከነኃላፊነቱ ነው የተሰጠን።

በሀገራችን ይህን ቀድመው የተረዱ ሕዝቦች አሉ። በቦረና፣ ቱላ እየተባሉ የሚጠሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ለብዙ ዘመናት ሰውና ከብት ሲያጠጡ ኖረዋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ መጀመሪያ ከቆፈረው ሰው ዘር የሚቆጠር ባለ መብት አለው። የዕለት ተዕለት አጠቃቀሙን፣ ተራውንና ንጽሕናውን የሚመራ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊም አለው። ጉድጓዱ የብዙዎች ቢሆንም ስለ እሱ የሚጠየቀው ሰው በስም ይታወቃል። የእኛም የግቢ ጉድጓድ እንዲህ ያለ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ያስፈልገዋል። እናት ትሁን፣ አባት ይሁን፣ ወይም ትልቁ ልጅ፤ «የጉድጓዱ ነገር የእኔ ነው» የሚል አንድ ሰው በቤቱ ይኑር።

(አጭር ሙዚቃ)

«ውሃችን ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙም ግሩም ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ለእነሱ አንድ የታሪክ መልስ አለ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ። በብሮድ ስትሪት አካባቢ ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ ሽታ፣ በአየር ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን በሟቾቹ ቤት እየዞረ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። አብዛኞቹ የሚቀዱት በብሮድ ስትሪት ከነበረው አንድ የጉድጓድ ፓምፕ ነበር። ከሰፈሩ ርቀው የሚኖሩ አንዲት መበለት እንኳ የዚያን ጉድጓድ ውሃ ጣዕም ስለሚወዱ በጋሪ እያስመጡ ይጠጡ ነበር፤ እሳቸውም በኮሌራው ሞቱ። በስኖው ማስረጃ መሠረት መስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ተደረገ።

ለእኛ ዋናው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሄንሪ ዋይትሄድ የተባሉ የሰፈሩ ቄስ ነገሩን ተከታተሉት። ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው ቤት ውስጥ አንዲት ጨቅላ ሕፃን በተቅማጥ ታማ ሞታለች፤ እናትየዋ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ ቤቱ ሥር ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ደፍታለች። ቦታው ሲቆፈር የፍሳሽ ጉድጓዱ ከውሃው ጉድጓድ የራቀው ከአንድ ሜትር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱም የጡብ ግድግዳ አርጅቶ ስለነበር ፍሳሹ በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ወደ መጠጥ ውሃው ይገባ ነበር። ውሃው ግን ጥርት ያለ፣ ሰዎች ከሩቅ ሰፈር የሚያስመጡት ጣፋጭ ውሃ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ አባቶቻችን። ሕዝባችን አተት ብሎ የሚጠራው በሽታ የሚተላለፈው ዛሬም በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ወደ ግቢያችን እንግባ። በመጀመሪያ የጉድጓዱን ቦታ እንይ።

የውሃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራራቅ አለባቸው። ልድገመው፤ 30 ሜትር። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ የውሃው ጉድጓድ ከላይ፣ ሽንት ቤቱ ከታች ይሁን። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ መጨረሻ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው በክረምት ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል በላይ መሆን አለበት። አፈር ራሱ አጣሪ ነው፤ በመካከል ያለው ደረቅ አፈር በሽታ አምጪ ተህዋስያንን እየያዘ ያስቀራቸዋል። ሽንት ቤቱ ውሃው ውስጥ ከተቆፈረ ግን የሚያጣራ አፈር የለም። የተሰነጠቀ ድንጋይ ባለበት መሬት ፍሳሽ ብዙ ርቀት ሳይጣራ ስለሚሄድ 30 ሜትሩም ላይበቃ ይችላል።

«በ200 ካሬ ግቢ 30 ሜትር ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። እንደ ባህር ዳር ባሉ፣ ውሃ በቅርብ ጥልቀት በሚገኝባቸው ከተሞች ብዙ ግቢዎች የውሃ ጉድጓድና ሽንት ቤት ጎን ለጎን ይዘዋል። አጥሩን አልፎ ያለው የጎረቤት ሽንት ቤትም እንደ ራሳችን ሽንት ቤት ይቆጠራል፤ ከመሬት በታች አጥር የለም። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተቀመጡ፤ የማን ሽንት ቤት የት እንዳለ በወረቀት ላይ ሣሉት። ርቀቱ ካልተገኘ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በሰፈሩ ተስማሚ ቦታ ላይ አንድ የጋራ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሁለተኛው የግቢውን ጉድጓድ ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ብቻ ማዋልና የመጠጡን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ውሳኔው በቤቱ ላሉ ሁሉ፣ በተለይ ለልጆችና ለእንግዶች፣ በግልጽ ይነገር።

የመቆፈሪያው ወቅት የበጋው መጨረሻ ነው። ለብዙው የሀገራችን ክፍል ሚያዝያና ግንቦት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውሃው በጣም ዝቅ ስለሚል ያን ጊዜ ውሃ የሰጠ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በጥቅምት የተቆፈረና በሁለት ሜትር ውሃ የተደሰትንበት ጉድጓድ ግን በመጋቢት ሊነጥፍ ይችላል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ አፍ እንምጣ። አብዛኛው ቆሻሻ ወደ ጉድጓድ የሚገባው ከላይ ነው፤ በጎርፍ፣ በእግር ጭቃ፣ በባልዲና በገመድ። የምነግራችሁን አምስት ነገሮች ከራሳችሁ ጉድጓድ ጋር እያነጻጸራችሁ አዳምጡ።

አንደኛ፣ የላይኛው 3 ሜትር ግድግዳ ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት። በኮንክሪት ቀለበት ወይም በግንብ ተሠርቶ መጋጠሚያው በማልታ ይደፈን። ከዚያ በታች ያለው ክፍል ግን ውሃ የሚገባበት ነውና ክፍተት ይኑረው።

ሁለተኛ፣ የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ይገንባ። ጎርፍም የሰው እግርም እንዳይደርስበት ነው።

ሦስተኛ፣ ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ ይሠራ፤ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የፈሰሰውን ውሃ ከጉድጓዱ አርቆ የሚወስድ ቦይም ይኑረው። ሊሾው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ድፈኑት፤ በዚያች ስንጥቅ የልብስ እጣቢ ተመልሶ ወደ መጠጥ ውሃችሁ ይወርዳል።

አራተኛ፣ ክዳን። ክዳኑ የሚገጥም፣ ልጅ ሊያነሣው የማይችል፣ ቢቻል በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን። ቆርቆሮ ጣል አድርጎ ድንጋይ መጫን ክዳን አይባልም፤ ልጅ ቢቆምበት ይዞት ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ከብት፣ ዶሮና ውሻ እንዳይቀርቡ ዙሪያውን አጥሩ። ልብስም ሊሾው ላይ አይታጠብ፤ ራቅ ተብሎ ይታጠብ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ቀጥለን ውሃው እንዴት ይውጣ የሚለውን እንመልከት።

የሚቀዳው በባልዲ ከሆነ ለጉድጓዱ አንድ ባልዲና አንድ ገመድ ብቻ ይኑረው፤ ከቤት ባልዲ ጋር አይቀላቀል። ሥራው ሲያልቅ መሬት ላይ አይጣል፣ ይሰቀል። ሰው ሁሉ የየራሱን ባልዲ የሚነክርበት ጉድጓድ የሰፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ይሰበስባል።

ከባልዲ የተሻለው የገመድ ፓምፕ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኒካራጓ የተስፋፋ፣ ወደ እኛም ሀገር የገባ ቀላል መሣሪያ ነው። በገመድ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ጎማዎች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲያልፉ ውሃውን ይዘው ይወጣሉ። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ የጉድጓዱ አፍ እንደተዘጋ ይቀዳል፣ ሲበላሽም በሰፈር ባለሙያ ይጠገናል። እንክብካቤው የሚሽከረከረውን ዘንግ ግራሶ መቀባት፣ የላላ ገመድ ማጥበቅ፣ የተበላ ገመድና ያለቁ ጎማዎችን መቀየር ነው። ገመዱ ከመበጠሱ በፊት ቀይሩት፤ ከተበጠሰ በኋላ የሚመጣው ችግር ሰው ክዳኑን ከፍቶ ወደ ባልዲ መመለሱ ነው።

ዲናሞ ለምትጠቀሙ አንድ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። መሬት ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ዲናሞ ሲሠራ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የአየር ግፊት ውሃን 10 ሜትር ያህል ያነሣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በስሌት ከ8 ሜትር አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በታች ያለ ውሃ ያስቸግራል። ብዙ ሰው ዲናሞው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ችግሩ ግን የከፍታው ነው። ውሃው ከዚያ ከጠለቀ ውሃው ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑ ውሃ ሲያልቅ ደርቆ እንዳይቃጠል በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አስገጥሙለት። ፓምፑን ወይም ገመዱን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ጉድጓድ ሲገናኙ ስሕተት የሚታረምበት ጊዜ አይገኝም።

ውሃው ሮቶ ውስጥ የሚጠራቀም ከሆነ ሮቶውም የጉድጓዱ አካል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ ክዳኑ ይገጠም።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ጉድጓድ ስለ ማጽዳትና በክሎሪን ስለ ማከም እንነጋገራለን።

ጉድጓድ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው ዝቅ ሲል ይጸዳል። ጎርፍ ከገባበት፣ እንስሳ ከወደቀበት፣ ወይም ጥገና ከተደረገለት ያን ጊዜውኑ መጽዳት አለበት። በክረምት ግን ግድግዳ የሌለውን ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ አታራቁቱ፤ ውሃ የጠገበው አፈር ተንዶ ሊገባ ይችላል።

መጀመሪያ ውሃው ተቀድቶ ይውጣ፤ ከሥሩ ያለው ደለልና ቆሻሻ ይወገድ። ደፍራሽ ውሃና ጭቃ ክሎሪኑን ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ለተህዋስያኑ የሚተርፍ አይኖርም። ከዚያ ግድግዳው ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ከላይ ሆኖ ይፈተግ። ቀጥሎ ጉድጓዱ እስኪሞላ ጠብቁና ስሌቱን እንሥራ።

የጉድጓዱን ወርድ በሜትር ለኩ። ያንኑ ቁጥር በራሱ አባዙት። ያገኛችሁትን በውሃው ጥልቀት አባዙት። በመጨረሻ በ0.8 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ በሜትር ኩብ ነው።

ምሳሌ፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውሃው 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እንውሰድ። 1 በ1 ሲባዛ 1 ነው። 1 በ3 ሲባዛ 3። 3 በ0.8 ሲባዛ 2.4። ስለዚህ 2.4 ሜትር ኩብ ወይም 2,400 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 1 ሊትር ይጨመራል። በምሳሌያችን 2.4 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ልድገመው፤ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር በረኪና። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን አንብቡ፤ ሽቶ ወይም ሳሙና የተቀላቀለበትን አትጠቀሙ። በረኪና ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው፣ ሲቆይም፣ ኃይሉን ስለሚያጣ በቅርቡ የተመረተውን ግዙ። ከአሲድም ሆነ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በረኪናውን በባልዲ ውሃ በጥብጡና በጉድጓዱ ዙሪያ አፍስሱ፤ በባልዲው እየቀዳችሁ መልሳችሁ እየደፋችሁ አዋህዱት። ክዳኑን ዝጉና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። በዚያ ጊዜ ማንም እንዳይቀዳ ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገር። ከዚያ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ቀድታችሁ አፍስሱ፤ ወደ ጅረት ወይም ወደ አትክልት ግን አይፍሰስ።

ይህ ሥራ ጉድጓዱን ያን ጊዜ ያጸዳዋል እንጂ ለወደፊቱ አይጠብቀውም። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ክሎሪኑ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ የመጠጡን ውሃ ቤት ውስጥ ማከም አይቀርም። እንደ ውሃ አጋር ያሉ ማከሚያዎችን በመመሪያቸው መሠረት ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ወይም አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ አፉ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ጀሪካን ይቀመጥ።

(ሙዚቃ ይሰማና ይቆማል)

አሁን የምናገረውን እባካችሁ ለልጆቻችሁና ለሠራተኞቻችሁ ጭምር ንገሩ። ጉድጓድ ውስጥ መግባት ይገድላል።

በጉድጓድ ሥር ኦክስጅን ሊያንስ፣ ከአየር የሚከብድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል። አይታይም፣ አይሸትም። የገባው ሰው ድምፅ ሳያሰማ ይወድቃል። ከላይ ያለው ወንድሙ «ታሞ ነው» ብሎ ተከትሎት ይገባል፤ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ሁለቱን ለማዳን ይገባል። አንድ ጉድጓድ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚወስደው እንዲህ ነው። የገባ ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ የታሰረ ገመድ ካለው ከላይ ሆናችሁ ሳቡት፣ ሰው ጥሩ፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። ተከትሎ አለመግባት ጭካኔ አይደለም፤ ሁለተኛ ሞት ማስቀረት ነው።

በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር በምንም ምክንያት ወደ ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ። አፉ አጠገብም አይቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደቂቃዎች ይገድላል። ሻማ አውርዶ መፈተን የተለመደ ነው፤ ሻማው ከጠፋ በእርግጥ መግባት አይቻልም። ሻማው በራ ማለት ግን ጉድጓዱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ሻማ አይለየውም። ክሎሪን በፈሰሰበት ጉድጓድም ሰው አይግባ።

የግድ መግባት ካለበት ልምድ ያለው ባለሙያ ይግባ። አስቀድሞ አየር በማራገቢያ ይግባበት። የሚገባው ሰው በወገቡና በትከሻው በገመድ ይታሰር፤ ከላይ እሱን ለመሳብ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይለዩ ይቁሙ፤ በየጊዜው በድምፅ ይጠያየቁ። የራስ ቁር ያድርግ። ለቀን ሥራ የመጣ ጎልማሳ ቤተሰብ አለው፤ ገመድና ቁር ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ውሃ የማይሰጥ፣ የተተወ ጉድጓድ ካላችሁ ድፈኑት። በቆሻሻ አይደፈንም፤ ቆሻሻው የጎረቤትን ውሃ ይበክላል። ንጹሕ አፈር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፤ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ጨምሩበት።

ወደ መጨረሻው ነጥባችን እየቀረብን ነው። ማፍላትም ክሎሪንም የማያስወግዱት ነገር አለ፤ ፍሎራይድ አንዱ ነው።

በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በወንጂ አካባቢ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ጥርሳቸው እየተሠራ ያሉ ሕፃናት ሲጠጡት ጥርሳቸው ቡናማ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ዓመታት በብዛት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትን ያደነድናል፤ ወገብና አንገት መታጠፍ እስኪያቅታቸው ድረስ ሰዎችን ያጎብጣል። በወንጂ ሸዋ የስኳር ልማት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ላይ ይህ የአጥንት ሕመም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ውሃ ሲፈላ ፍሎራይዱ አይሄድም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይበዛል።

ሌላው ናይትሬት ነው። ከሽንት ቤት፣ ከፍግና ከማዳበሪያ ይመጣል። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ፣ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ ለሚበጠበጥለት ሕፃን በጣም አደገኛ ነው፤ የደሙን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንሰዋል። ይህም በማፍላት አይወገድም። ውሃዋን ከከርሰ ምድር የምታገኘው ድሬዳዋ ውስጥ በከተማው ሥር ባለው ውሃ ናይትሬት መጨመሩ በጥናት ታይቷል።

እነዚህን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በክልላችሁ የውሃ ቢሮ ወይም የጤና ቢሮ ጠይቁ። አዲስ ጉድጓድ ከመጠጣቱ በፊት ለፍሎራይድ፣ ለናይትሬትና ለተህዋስያን ይመርመር። ከዚያ በኋላ የተህዋስያን ምርመራው ቢያንስ በየዓመቱ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ ይደገም። ናሙናው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ጠርሙስ ይቀዳ፤ የጠርሙሱን አፍ አትንኩ፤ ቀዝቃዛ ቦታ አድርጋችሁ በዚያው ዕለት አድርሱ። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ዜሮ መሆን አለበት። ወጪው ለአንድ ቤት ከከበደ በእድር ተነጋገሩ። እድራችን ለሐዘን ቀን ድንኳንና ወንበር እንደሚገዛ ሁሉ ሐዘን ለሚያስቀር ምርመራም ገንዘብ ቢያዋጣ ያምርበታል።

በምርመራና በምርመራ መካከል ዓይናችሁም ይሥራ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ውሃው ከደፈረሰ የላይ ጎርፍ ሳይጣራ እየገባ ነው፤ ሊሾውንና የላይኛውን ግድግዳ መርምሩ። የተቀዳ ውሃ ቆይቶ ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ከጣለ ብረት አለበት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ።

አድማጮች፣ እስካሁን ያልነውን ሁሉ የሚያስተሳስረው አንድ ደብተር ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረበት ቀን፣ ጥልቀቱ፣ የምርመራው ውጤት፣ የጸዳበት ዕለት፣ የተቀየረው ዕቃ ይጻፍበት። በየወሩ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እያወረዳችሁ የውሃውን ከፍታ ለኩና መዝግቡ። ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሆነ ደብተሩ ከመንጠፉ በፊት ይነግራችኋል፤ አጠቃቀማችሁን ለመቀነስና ከጎረቤት ጋር ለመመካከር ጊዜ ይኖራችኋል።

ለዚህ ሳምንት ሦስት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንደኛ፣ ከጉድጓዳችሁ እስከ ቅርቡ ሽንት ቤት፣ የጎረቤትንም ጨምሮ፣ በሜትር ለኩ። ሁለተኛ፣ የጉድጓዱን ክዳን ልጅ ሊያነሣው ይችል እንደሆነ አይታችሁ፣ የሚችል ከሆነ ዛሬውኑ አሠሩ። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ የጉድጓዱን ኃላፊ በስም ምረጡና ደብተሩን አስረክቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የሽንት ቤት ጉድጓድ አቆፋፈርና አያያዝን ይዘን እንቀርባለን። የለካችሁትን ርቀት ጽፋችሁ ጠብቁን፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)